የልጅ መጽሐፍ በዐዋቂ እጅ ቢገኝ ነውሩ ምኑ ላይ ነው?

በመጻሕፍት መደብሮች ውስጥ ዘወትር የሚታይ፣ ነገር ግን ከቁም ነገር ተቆጥሮ የማይመረመር አንድ ጉዳይ አለ። ጎልማሳው ገዢ ከመደርደሪያው ላይ ባለሥዕል የተረት መጽሐፍ ያነሣል፤ ገለጥ አድርጎ ሁለት ሦስት ገጽ ያነብባል፤ ፊቱም ይፈካል። ሻጩ ቀና ብሎ ሲመለከተው ግን ገና ሳይጠየቅ «ለልጄ ነው» ይላል። ልጅ ያለውም፣ የሌለውም፣ ልጆቹን አሳድጎ የዳረውም የሚሰጠው መልስ ይኸው አንድ ነው።

ይህች አጭር መልስ ከአንድ ሰው ዐይነ አፋርነት ብቻ የመነጨች አይደለችም። ከበስተጀርባዋ አንድ የተደላደለ ፍርድ አለ። ፍርዱም እንዲህ የሚል ነው፦ መጽሐፍ እንደ ልብስ በዕድሜ ልክ ይሰፋል፤ ለትንሽ አካል የተሰፋውን ትልቅ ሰው ቢለብሰው መሳቂያ ይሆናል፤ ስለዚህ ለልጆች የተጻፈን መጽሐፍ በደስታ የሚያነብብ ዐዋቂ ወይ አእምሮው አልጎለመሰም፣ ወይ ከኑሮ ኃላፊነት እየሸሸ ነው። ይህ ፍርድ በየቢሮው፣ በየመምህራኑ ማረፊያ ክፍል፣ በጸሐፍት ጉባኤ ጭምር ሲነገር ይሰማል። በቂ ተከራካሪ ስላልገጠመውም እውነት መስሎ ኖሯል።

ፍርዱ ግን ሐሰት ነው፤ ያውም ጉዳት የሚያደርስ ሐሰት። ዐዋቂዎችን ከመልካም ንባብ ማገዱ አንድ ጉዳት ነው። ከዚያ የከፋው ደግሞ በራሳቸው በልጆቹ ላይ የሚያደርሰው በደል ነው። ዐዋቂ የሚያፍርበትን ሥነ ጽሑፍ ዐዋቂ አይመረምረውም፤ ያልተመረመረ ሥነ ጽሑፍም እየቀጨጨ ይሄዳል። ክርክሩን ከሥሩ ማየት የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው።

ተረት የማን ነበር?

በመጀመሪያ መጠየቅ የሚገባው፣ ለመሆኑ ተረት የልጅ ብቻ የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው የሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ የአማርኛ ቋንቋ ራሱ መልስ አለው። «ተረተ» የሚለው ግሥ ለልጆች በምሽት የሚነገረውን ታሪክም፣ ሽማግሌ በሸንጎ የሚጥለውን ምሳሌም በአንድነት ያመለክታል። «ተረትና ምሳሌ» ተብሎ የሚጠራው የቃል ሀብትም በአብዛኛው የተገኘው ከባላገሩ ዳኛና ከአስታራቂው ሽማግሌ አንደበት ነው። ድንበር የተጋፉ ሁለት ጎረቤታሞች ዛፍ ሥር ለዕርቅ ሲቀርቡ፣ ሽማግሌው አንደኛውን ፊት ለፊት ጥፋተኛ ከማለት ይልቅ የጅቡንና የአህያዪቱን፣ የአንበሳውንና የጦጣዪቱን ነገር ያነሣል። ጢሙ የሸበተው ባለጉዳይ ይህን ሲሰማ «ይህ የልጅ ጨዋታ ነው» ብሎ አይነሣም፤ ራሱን በአህያዪቱ ወይም በጅቡ ቦታ አኑሮ ይመዝናል። ዕርቁም ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከዚያ ላይ ነው።

በምሽት እሳት ዳር የሚነገረው ተረትም ቢሆን አድማጩ አንድ ዓይነት አልነበረም። አያት «ተረት ተረት» ስትል «የላም በረት» ብሎ የሚመልሰው ሕፃኑ ይሁን እንጂ፣ እናት ጥጥ እየፈተለች፣ አባት እግሩን እየታጠበ፣ እንግዳም ካለ መደብ ላይ ተቀምጦ ያዳምጣል። ሕፃኑ ጦጣዪቱ በማምለጧ ይስቃል፤ አባት ጦጣዪቱ ያመለጠችበትን ዘዴ ከሰሞኑ የመንደር ነገር ጋር እያገናዘበ ይስቃል። ሣቁ አንድ ነው፤ ምክንያቱ ግን እንደየዕድሜው ነው። የቅኔ ሊቃውንት ሰምና ወርቅ ብለው የሰየሙት ጥበብ በእሳት ዳርም እንዲሁ ይሠራ ነበር።

በሌላውም ዓለም ታሪኩ ተመሳሳይ ነው። ወንድማማቾቹ ያኮብና ዊልሄልም ግሪም የጀርመንን ሕዝብ ተረቶች ሰብስበው የመጀመሪያውን ቅጽ በ1812 እ.ኤ.አ. ሲያሳትሙ፣ መጽሐፉን የሰየሙት «የልጆችና የቤት ተረቶች» ብለው ነው። ቤት ሲባል አያቱም፣ ሠራተኛዋም፣ አባወራውም ያለበት ነው። ለተረቶቹም የሊቃውንት ማስታወሻ አያይዘውላቸው ነበር። ዴንማርካዊው ሃንስ ክርስቲያን አንደርሰንም በ1835 እ.ኤ.አ. ማሳተም የጀመራቸውን ተረቶች «ለልጆች የተነገሩ» የሚል ቃል አክሎባቸው ነበር፤ በ1840ዎቹ ዓመታት ግን ቃሉን ከርዕሱ ላይ አነሣው። ለልጅ በሚተረክበት ጊዜ አባትና እናትም አጠገብ ሆነው እንደሚያዳምጡ፣ ለእነርሱም የሚያስቡበት ነገር መስጠት እንደሚገባ ያምን ነበርና። በእርጅናው ዘመን ሐውልት ሊቆምለት ሲታሰብ፣ በልጆች ተከብቦ የሚያሳየውን ንድፍ አጥብቆ ተቃውሟል። ልጆችን ጠልቶ አልነበረም፤ ግማሽ አንባቢዎቹን ከሐውልቱ ላይ ሊፍቁበት እንደሆነ ስለገባው ነበር።

እንግሊዛዊው ደራሲና የቋንቋ ምሁር ቶልኪን በ1939 እ.ኤ.አ. በስኮትላንድ ሴንት አንድሩስ ዩኒቨርሲቲ ስለ ተረት ባሰማው ንግግር፣ ተረት ወደ ልጆች ክፍል የተገፋው ፋሽኑ ያለፈበት የቤት ዕቃ በሚገፋበት አኳኋን መሆኑን አመልክቷል። ዐዋቂዎች ሳሎናቸውን በአዲስ ዕቃ ሲያስጌጡ አሮጌው ወንበር ልጆች ወደሚጫወቱበት ክፍል ይወሰዳል፤ ወንበሩ የልጅ ሆኖ ስለተሠራ ግን አይደለም። አስተያየቱ ትክክል ለመሆኑ ተቃራኒው ጉዞም ይመሰክራል። ዳንኤል ዴፎ በ1719 እ.ኤ.አ. ያሳተመው «ሮቢንሰን ክሩሶ»ም ሆነ ጆናታን ስዊፍት በ1726 እ.ኤ.አ. ያወጣው «የጉሊቨር ጉዞዎች» ለዐዋቂ የተጻፉ ናቸው። የስዊፍቱማ በዘመኑ ፖለቲካ ላይ የተወረወረ መራራ ስላቅ ነበር። ዛሬ ሁለቱም እያጠሩ በልጆች መደርደሪያ ላይ ተቀምጠዋል። የዐዋቂን መጽሐፍ የሚያነብበውን ልጅ «ጎበዝ» ብሎ የሚያሞግስ ኅብረተሰብ፣ የልጅን መጽሐፍ የሚያነብበውን ዐዋቂ «ሞኝ» የሚልበት ምክንያት ምን እንደሆነ ማስረዳት ይኖርበታል። ድንበሩ አንድ ነው፤ ከአንዱ ወገን ሲሻገሩት ክብር፣ ከሌላው ሲሻገሩት ውርደት ሊሆን አይችልም።

ሽፋን የተለወጠለት መጽሐፍ

ይህ ኀፍረት በኢትዮጵያ ብቻ የሚታይ አይደለም። ጄ. ኬ. ሮውሊንግ የጻፈችው የ«ሃሪ ፖተር» ተከታታይ ልብ ወለድ የመጀመሪያው መጽሐፍ በ1997 እ.ኤ.አ. በለንደን ታትሞ ሲወጣ ለልጆች ታስቦ ነበር። ዐዋቂዎች በብዛት እንደሚያነብቡት የተገነዘበው አሳታሚ ግን በ1998 እ.ኤ.አ. ያንኑ መጽሐፍ የረጋ፣ ለዐዋቂ ዐይን የማያሳፍር ሽፋን አልብሶ ዳግመኛ አወጣው። አንድ ምዕራፍ አልተጨመረም፤ የተለወጠው ልብሱ ብቻ ነው። ዐዋቂው አንባቢ በባቡር ላይ ተቀምጦ ሲያነብብ አጠገቡ ያለው ሰው እንዳይታዘበው የተሠራ መከለያ ነበር ማለት ይቻላል። በመደብሩ ውስጥ «ለልጄ ነው» የሚለው ቃልና ይህ ሽፋን ሥራቸው አንድ ነው።

በ2000 እ.ኤ.አ. ደግሞ የኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ለልጆች መጻሕፍት የተለየ የሽያጭ ዝርዝር አወጣ። እስከዚያ ድረስ የሮውሊንግ መጻሕፍት ከዐዋቂዎቹ ልብ ወለዶች ጋር በአንድ ዝርዝር ሰፍረው የላይኛውን ቦታ ይዘው ነበር። በ2012 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የመጻሕፍት ገበያ ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየውም፣ ከ12 እስከ 17 ዓመት ለሆኑ ወጣቶች የታተሙ መጻሕፍትን ከሚገዙት ውስጥ 55 በመቶዎቹ 18 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ናቸው፤ አብዛኞቹም የሚገዙት ራሳቸው ሊያነብቡት መሆኑን ተናግረዋል። ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በ2014 እ.ኤ.አ.፣ አንድ የአሜሪካ የድረ ገጽ መጽሔት ዐዋቂዎች ለወጣቶች የተጻፈውን መጽሐፍ ሲያነብቡ ሊያፍሩ ይገባል የሚል ጽሑፍ አወጣ፤ ሰፊ ክርክርም አስነሣ።

እንግዲህ ክሱ በግልጽ ቀርቧል። በመልክ በመልኩ ሲለይ ሁለት ነው፤ የልጅ መጽሐፍ ቀላል ነው፣ የልጅ መጽሐፍ ከእውነታ መሸሻ ነው። ለሁለቱም መልስ አለ።

«ልጅ ያቦካው»

የመጀመሪያው ክስ በአማርኛ የቆየ ምሳሌ አለው። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ይባላል። ምሳሌው በቦታው ትክክል ነው፤ እዚህ ግን ያለ ቦታው ገብቷል። የልጅ መጽሐፍን ያቦካው ልጅ አይደለምና። አቡኪው ዐዋቂ ነው፤ ጋጋሪው ዐዋቂ ነው፤ ልጁ ማዕድ ላይ የቀረበ ተመጋቢ ነው። ለተመጋቢው ሲባል እንጀራው አንሶ ተጋግሮ ይሆናል፤ ዱቄቱ ግን ያው የጤፍ ዱቄት ነው። ለልጅ የቀረበው እንጀራ ዐዋቂ ቀምሶ የሚተፋው ከሆነ ጥፋቱ የጋጋሪው ነው፤ እንዲህ ያለውን ለልጅም ማቅረብ አይገባም ነበር።

ቀላል ቋንቋ ቀላል ሥራ አለመሆኑን ከሊዮ ቶልስቶይ የበለጠ የሚመሰክር የለም። ቶልስቶይ በ1869 እ.ኤ.አ. «ጦርነትና ሰላም»ን ከፈጸመ በኋላ የተሰማራበት ሥራ ለገበሬ ልጆች የፊደል መጽሐፍ ማዘጋጀት ነበር። መጽሐፉ በ1872 እ.ኤ.አ. ታተመ። በዚያው ዓመት ለልጆች ንባብ ካዘጋጃቸው ታሪኮች መካከል «የካውካሰስ እስረኛ» እና «እግዚአብሔር እውነትን ያያል፤ ነገር ግን ይቆያል» የሚሉት ይገኛሉ። ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ «ኪነ ጥበብ ምንድን ነው?» በሚለው ድርሰቱ የራሱን ሥራዎች ሲመዝን፣ መልካም ኪነ ጥበብ ብሎ የተቀበላቸው እነዚህን ሁለቱን ብቻ ነው። ሌሎቹን፣ «ጦርነትና ሰላም»ንና «አና ካሬኒና»ን ጨምሮ፣ ከመጥፎው ወገን መደባቸው። በዚህ ፍርዱ ሁሉም ሰው ላይስማማ ይችላል፤ ደራሲው በራሱ ላይ ጨክኗል የሚሉም ብዙ ናቸው። ነገር ግን በዓለም ላይ ታላላቅ ከሚባሉት ልብ ወለዶች ሁለቱን የጻፈ ሰው፣ ለአሥር ዓመት የገበሬ ልጅ የጻፋትን አጭር ታሪክ ከእነርሱ አስበልጦ ሲያስቀምጥ፣ «የልጅ ነገር ነው» ብሎ መሳቅ የሚደፍር ሃያሲ ማን እንደሆነ ራሱን ሊጠይቅ ይገባል።

ፈረንሳዊው ላ ፎንቴንም በ1668 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን የመጀመሪያ የግጥም ተረት መድበል ያበረከተው ገና 6 ዓመት ለሆነው አልጋ ወራሽ ነበር። መጽሐፉ ለሕፃን ልዑል ይበርከት እንጂ፣ ስለ አንበሳው አደባባይና ስለ ሎሌዎቹ የሚናገረውን እያነበበ የተሳቀቀውም የሣቀውም የቤተ መንግሥቱ ሹም ነው።

በአማርኛ ሥነ ጽሑፍም ማስረጃው ሩቅ አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ አንዱን መጽሐፋቸውን «ለልጅ ምክር ለአባት መታሰቢያ» ብለው ሲሰይሙ ሁለቱን አንባቢዎች በአንድ ርዕስ ጎን ለጎን አስቀምጠዋቸዋል። የከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» በትምህርት ቤት ልጆች እጅ የገባ መጽሐፍ ነበር፤ በዚያ መጽሐፍ ያደጉ ሰዎች ግን ሸብተውም ግጥሞቹን በቃላቸው ይሏቸዋል። በልጅነታቸው የአውሬዎች ጨዋታ መስሎ የታያቸው ነገር፣ ሹመት አይተው፣ ወዳጅ ከድቷቸው፣ ንብረት አጥተው ከተመለሱ በኋላ ሌላ ፍቺ ይሰጣቸዋል። ሐዲስ ዓለማየሁም በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ከማሳተማቸው አስቀድሞ «ተረት ተረት የመሠረት» የተባለውን መጽሐፍ ጽፈዋል። በአማርኛ ልብ ወለድ ታሪክ ከፍተኛውን ቦታ ከያዙት ሥራዎች አንዱን የጻፈ እጅ መጀመሪያ ያፍታታው ጣቱን በተረት ላይ ነበር። የ«ፍቅር እስከ መቃብር» አተራረክ ያን ያህል የተፍታታና ለጆሮ የቀረበ መሆኑን የሚያደንቅ አንባቢ፣ ከምንጮቹ አንዱ የት እንደነበረ ሊዘነጋ አይገባውም።

«ከእውነታ መሸሻ»

ሁለተኛው ክስ የልጅ መጽሐፍ ዐዋቂውን ከኑሮ እውነታ ያሸሸዋል የሚለው ነው። ይህን የሚሉት ሰዎች ወይ የልጅ መጽሐፍ አላነበቡም፣ ወይ ካነበቡ ቆይተዋል። አንደርሰን በ1845 እ.ኤ.አ. ያወጣት የክብሪት ሻጯ ልጅ ታሪክ፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ በከተማ መካከል በብርድ ስለምትሞት ድኻ ልጅ የምትናገር ናት። አላፊ አግዳሚው አንድ ክብሪት አይገዛትም፤ ሲነጋም በድኗ መንገድ ዳር ይገኛል። ከዚህ ወዴት ነው የሚሸሸው? ስዊድናዊቷ አስትሪድ ሊንድግሬን በ1973 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው «የአንበሳ ልብ ወንድማማቾች» የሚጀምረው በሞት ጥላ ሥር ካለ ሕመምተኛ ልጅ ነው፤ ከዚያም ስለ ግፍ አገዛዝና ስለ ፍርሃት ይናገራል። በዘመኑ ከተሰነዘሩበት ወቀሳዎች አንዱም ለልጅ ከባድ ነው የሚል ነበር።

ከሁሉ ይልቅ የአንትዋን ደ ሴንት ኤግዙፔሪ «ትንሹ ልዑል» ለዚህ ክርክር ምስክር ይሆናል። መጽሐፉ በ1943 እ.ኤ.አ. በኒውዮርክ ሲታተም ደራሲው አገሩ በጠላት የተያዘችበት ስደተኛ ነበር። መታሰቢያነቱን ያበረከተው ለአንድ ዐዋቂ ወዳጁ፣ ለሌዎን ዌርት ሲሆን፣ ለዐዋቂ ስላበረከተው ልጆችን በመግቢያው ላይ ይቅርታ ይጠይቃል። ወዳጁ በዚያን ጊዜ በተያዘችው ፈረንሳይ በችግር ላይ ነበር። ደራሲው ግን በኒውዮርክ አልቀረም፤ ወደ ጦር አብራሪነቱ ተመልሶ ሐምሌ 31 ቀን 1944 እ.ኤ.አ. ለቅኝት እንደ በረረ ሳይመለስ ቀረ። ይህን መጽሐፍ የጻፈ ሰው ከእውነታ ሸሽቷል ለማለት የሚያስችል ሕሊና ያለው ካለ ይናገር።

በአንጻሩ ለዐዋቂ ተብለው ከሚታተሙት መካከል የሚበዙት ምን ይዘዋል? የተሳካ የፍቅር ሕልም፣ የማይሞት ሰላይ፣ በአንድ ሌሊት የሚገኝ ሀብት። ማምለጫስ እነዚህ አይደሉምን? እነዚህን የሚያነብብ ጎልማሳ በማንም አይታማም፤ ሽፋናቸው የዐዋቂ ነውና። እንግዲህ ከሳሾቹ የሚመዝኑት ሽፋኑን መሆኑ በዚህ ይጋለጣል።

ከከሳሽ የማይሻል ጠበቃ

ይህ ሁሉ ከተባለ በኋላ፣ የልጅ መጽሐፍን ለሚወዱ ዐዋቂዎች የቆሙ የሚመስሉ ሌሎች ሰዎች የሚሰጡትን መከላከያም ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም። እነርሱ የሚሉት፣ ዐዋቂ ሰው ሥራ ውሎ ይደክማል፤ አእምሮውን የማያስጨንቅ ነገር ይሻል፤ የልጅነት ዘመኑንም ያስታውሰዋል፤ ስለዚህ ይተዉት ነው። መከላከያው ደግነት ያለበት ይመስላል። በእውነቱ ግን የከሳሾቹን ሐሳብ እንዳለ ተቀብሎ ምሕረት የሚለምን ነው። የልጅ መጽሐፍ አእምሮ የማያስጨንቅ ነው ማለት ጥልቀት የለውም ማለት ነው፤ ትዝታ ይቀሰቅሳል ማለትም ዛሬ የሚናገረው አዲስ ነገር የለም ማለት ነው። በዚህ ዓይነት የቆመ ጠበቃ ደንበኛውን ያስፈርድበታል።

ደግሞም እውነት ከከሳሾቹ ወገን ያለበት ስፍራ አለ፤ እርሱን መካድ አይጠቅምም። አሳታሚዎች አንድ መጽሐፍ ሲሸጥላቸው በዚያው ቅርጽ አምስትና ስድስት እየቀዱ ገበያውን ያጥለቀልቁታል። ከአንዱ ወደ ሌላው እየተሸጋገረ ከዚህ ተከታታይ ሌላ ምንም የማያነብብ ዐዋቂ ይኖራል፤ የዕድሜውን ልምድ የሚጠይቁትን ታላላቅ ልብ ወለዶች ሸሽቶ ከሆነ ወቀሳ ይገባዋል። ነገር ግን የሚወቀሰው ስለ ስንፍናው ነው። በሰላይ ልብ ወለድ ብቻ የሚኖረውም በዚያው ወቀሳ ይወቀሳል። መለኪያው ለሁሉም መጽሐፍ አንድ ሊሆን ይገባል፤ ሰውንና ዓለምን በእውነት ያሳያል ወይስ አያሳይም? ቋንቋው የነቃ ነው ወይስ የሰለቸ? ዳግመኛ ሲነበብ ይጨምራል ወይስ ያልቅበታል? ይህን ፈተና ያለፈ መጽሐፍ ለስድስት ዓመት ልጅም ይጻፍ ለስድሳ ዓመት አዛውንት፣ የሁሉም ነው። ያላለፈ ደግሞ ለማንም አይበጅም፤ ለልጅ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ አይበጅም፤ ልጅ የሚሰጠውን መርጦ መጣል አይችልምና።

ጉዳዩ በኢትዮጵያ

ክርክሩ ለኢትዮጵያ አንባቢ የቅንጦት ወሬ አለመሆኑን የሚያስረዳው እዚህ ላይ ነው። የልጅን መጽሐፍ የሚመርጠው ዐዋቂ ነው፤ የሚገዛው ዐዋቂ ነው፤ ገና ማንበብ ለማይችለው የሚያነብብለት ዐዋቂ ነው። ይህ ዐዋቂ መጽሐፉን የሚንቀው ከሆነ በምን ይመርጣል? በዋጋው፣ በሥዕሉ ቀለም ድምቀት፣ በርዕሱ። ደራሲውም አሳታሚውም ይህን ስለሚያውቁ የሚያቀርቡት ለዋጋና ለቀለም የሚስማማውን ነው። በገበያው ላይ የሚታየው ብዙው ሥራ የዚህ ውጤት ነው። የቆየው ተረት አጥንቱ ወጥቶ፣ ጅቡ ጥርሱ ወልቆ፣ ብልጧ ጦጣ የሰነፍ ተማሪ መካሪ ሆና ትቀርባለች። በመጨረሻው ገጽ ላይም «ልጆች፣ ከዚህ ተረት ምን ተማራችሁ?» የሚል ጥያቄ ይጨመራል፤ መልሱም ከሥሩ ይጻፋል። በእሳት ዳር የተረተችው አያት እንዲህ ያለ ጥያቄ አልጠየቀችም፤ ተረቱ ሥራውን እንደሚሠራ ታውቅ ነበርና።

ይህን ጉድለት ማን ያርም? ልጁ ሂስ አይጽፍም። ሃያሲው የልጅ መጽሐፍ ማንበብ ከክብሩ በታች መስሎታል። በመጻሕፍት ምርቃትና በሂስ ገጾች ላይ የልጆች መጽሐፍ የሚነሣው እምብዛም ነው፤ ቢነሣም «ለታዳጊዎች ጠቃሚ ነው» ተብሎ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይታለፋል። እንዲህ ያለ አስተያየት ለመድኃኒት ብልቃጥ እንጂ ለሥነ ጽሑፍ አይሰጥም። ደራሲውም ከማንም ክብርና ወቀሳ እንደማያገኝ ሲያይ ጥሩ ብዕሩን ለሌላ ያስቀምጣል።

ዐዋቂዎች የልጅን ነገር በአክብሮት በያዙበት ጊዜ ምን እንደሚገኝ ግን ታይቷል። በ1957 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ ሲጀምር የልጆችን ጊዜ የያዙት ተስፋዬ ሣህሉ የመድረክ ባለሙያ ነበሩ፤ ሙያቸውን ለልጅ ሲሉ ዝቅ አላደረጉትም። አባባ ተስፋዬ ተብለው ከ40 ዓመት በላይ ሲተርቱ በየቤቱ ያዳመጣቸው ሕፃኑ ብቻ አልነበረም። በ2009 ዓ.ም. ሲያርፉም የጎልማሶችና የሽማግሌዎች ሐዘን ይህንኑ መስክሯል። ከባሕር ማዶም ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በልጆች ክፍል ሲሠሩ፣ የሌላው ሕዝብ ልጅ በቋንቋው የሚያነብበው ሞልቶ የአማርኛው ስፍራ ባዶ መሆኑን አስተዋሉ። የማሞ ቂሎን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ አዘጋጅተው አሳተሙ፤ በ2003 እ.ኤ.አ. ደግሞ በአዲስ አበባ ሾላ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ተከፈተ። ይህ ሁሉ የመነጨው አንድ ዐዋቂ የልጆችን መጻሕፍት ከልብ አንብቦ ዋጋቸውን በማወቁ ነው።

ሌላም አለ። ከሐምሌ 1971 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄደው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የዕድሜ ባለጸጎች ከልጅ ልጆቻቸው እኩል ፊደል ቆጥረዋል። ዘመቻው በ1980 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ በኩል የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ የንባብ ማኅበር ሽልማት አግኝቷል። ያን ጊዜ በሀምሳ ዓመቷ «ሀ ሁ» ያለች እናት «ይህ የልጅ ነው» ብላ አላፈረችም። ፊደል ከለየች በኋላ የምታነብበው መልካምና ግልጽ መጽሐፍ በሻተች ጊዜ ግን ያገኘችው ጥቂት ነው። ብዙ ዐዋቂዎች ዘግይተው ወደ ንባብ በገቡበት አገር መጽሐፍን በዕድሜ አጥር መከለል፣ ሰውን በዕድሉ እንደ መከለል ይቆጠራል። በዋሽንግተንም ሆነ በእስራኤል ተወልደው አድገው፣ በሃያ ዓመታቸው የወላጆቻቸውን ቋንቋ ማንበብ የሚጀምሩ ወጣቶችም አሉ። ለእነርሱም ወደ አማርኛ የሚያስገባው በር ብዙ ጊዜ የልጆች ተረት ነው። በሩ ላይ የቆመው መጽሐፍ የተናቀ ሥራ ከሆነ ከበሩ ይመለሳሉ።

ስለዚህ የሚጠየቀው ነገር ግልጽ ነው። ሃያስያን የልጅ መጽሐፍን በመደበኛ የሂስ ሚዛን ላይ ያስቀምጡ፤ ደካማውን ደካማ፣ ብርቱውን ብርቱ ይበሉ። ደራስያን ለልጅ መጻፍን የመለማመጃ ሜዳ ማድረጋቸውን ይተዉ፤ ቶልስቶይ ወደዚያ የደረሰው ከታላቁ ልብ ወለዱ በኋላ ነበር። አሳታሚዎች ለተረቶቹ ጥርሳቸውን ይመልሱላቸው። አባትና እናት መጽሐፉን ለልጃቸው ከመስጠታቸው በፊት ራሳቸው እስከ መጨረሻው ያንብቡት፤ ካሰለቻቸው ልጁንም እንደሚያሰለቸው ይወቁ፤ ካስደሰታቸውም ደስታቸውን አይደብቁ። ልጅ መጽሐፍ ክቡር ነገር መሆኑን የሚማረው ከሚነገረው ምክር ይልቅ አባቱ ሲያነብብ ፊቱ ላይ ከሚያየው ነው።

«የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፤ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ» ይላል የአገር ሰው። የልጅ መጽሐፍም እንዲሁ ነው። ብስሉን ከጥሬው መለየት ግን ከዐዋቂ በቀር ለማንም አልተሰጠም፤ ሳይቀምሱ የሚለዩበት ዘዴም የለም።